ጊደሯና ፖስተሩ

ልጄ፣ ለወረዳችሁ የጽዳት ዘመቻ ያዘጋጀሽውን ፖስተር አየሁት። «አብዛኛው ነዋሪ ቆሻሻውን ወንዝ ውስጥ ይጥላል፤ እንፈር!» ይላል። ሐሳብሽ ቅን ነው፤ ወረቀቱን ግን ቅደጅው። ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች ሲባል አልሰማሽም? ሰው ከምክር ይልቅ ጎረቤቱን ነው የሚያየው፤ አንቺ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ እንደሚጥል በትልልቅ ፊደል ነገርሽው። እስከ ዛሬ በጨለማ ተደብቆ ሲጥል የኖረው ከነገ ጀምሮ በጠራራ ፀሐይ ይጥላል።

የሽማግሌ ግምት ብቻ እንዳይመስልሽ። ካሊፎርኒያ፣ ሳን ማርኮስ በምትባል ከተማ ተመራማሪዎች በየቤቱ በር ላይ ወረቀት አንጠለጠሉ፤ ቤቱ ምን ያህል መብራት እንደፈጀና የሰፈሩ አማካይ ስንት እንደሆነ የሚናገር። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ብዙ ይፈጁ የነበሩት ቀነሱ። ቆጣቢዎቹ ግን «ለካ በጨለማ የምቀመጠው እኔ ብቻ ነኝ» ያሉ ይመስል ጨመሩ! መላው ምን ሆነ መሰለሽ? ለቆጣቢዎቹ ወረቀቱ ላይ ፈገግ ያለች ፊት መሳል። በዚያችው ምልክት ቁጠባቸው ባለበት ጸና። እኛ ግን የሰውን በጎነት የምናወራው ለቅሶው ላይ ነው።

ከቆሻሻው መካከል ፌስታሉስ? በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው የሚከለክለውን አዋጅ አጽድቋል። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ነውና ቅጣትም ቦታ አለው። ግን እስቲ ሱቅ በር ላይ ቁሚ፤ ሴትዮዋ ሁለት ሎሚ ስትገዛ፣ ሳትጠይቀው ባለሱቁ ፌስታል መዞ፣ እፍ ብሎ ከፍቶ ይሰጣታል። እሷ መች መረጠች? አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ ፌስታል 15 የዩሮ ሳንቲም ማስከፈል ስትጀምር አጠቃቀሙ ከ90 በመቶ በላይ ወረደ። ሳንቲሟ ኪስ የምትጎዳ አይደለችም፤ በእኔ ግምት ሥራ የሠራችው «ፌስታል ይጨመር?» የምትለዋን ጥያቄ በማምጣቷ ነው። ሲጠየቅ ሰው ዘንቢሉ ትዝ ይለዋል።

አደራ ግን፣ ገንዳው ሩቅ ሆኖ፣ ሰብሳቢዎቹም ሳምንት እየቀሩ፣ በሰው ላይ ብልሃት አታብዢ፤ ግፍ ነው። መጀመሪያ ገንዳው ይቅረብ።

ከዚያ በሰብሳቢዎቹ ቀን ማዳበሪያውን አስሮ ደጁ ላይ የሚያወጣውን ቤት ቁጠሪና እሱን ጻፊ። ቁጥር ፈጥረሽ እንዳትጽፊ ብቻ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ቁጥሩ ካነሰብሽ ፖስተሩ ይቆይ፤ እነዚያን ቤቶች እያንኳኳሽ አመስግኚያቸው።