ከጀርባው ሥር ያለች እጅ

ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ውስጥ ይዞ የሚገባ ወላጅ ሁሉ «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አልለቅህም» ይላል። ይህ ቃል እስከ መቼ ይጸናል? ካልተለቀቀ መቼም አይዋኝም። ብዙ ሰው ታዲያ አቋራጩን ይመርጣል፤ «ይዤሃለሁ» እያለ እጁን ቀስ አድርጎ ያወጣል። ልጁ ይንሳፈፋል፣ ዘመድ አዝማዱ ያጨበጭባል። እኔ ይህን ጭብጨባ አልወደውም።

ሶደሬ የሄደ ሰው የምለውን አይቶታል። የፍል ውሃው ገንዳ ሞቅ ስለሚል ሕፃን ቶሎ አይንቀጠቀጥም። እዚያ አንድ ትንሽ ልጅ በአባቱ መዳፍ ላይ በጀርባው ሲተኛ ልብ በሉ። አገጩ ደረቱ ላይ ተጣብቋል፣ ጣቶቹ የአባቱን ክንድ ጨምድደዋል። ጭንቅላቱን ባነሳ ቁጥር ወገቡ ይሰምጣል፤ ወገቡ ሲሰምጥ ይበልጥ ይፈራል፤ ሲጮህ ደግሞ ከሳንባው አየር ይወጣና ሰውነቱ ይከብዳል። አባት «ጆሮህን ንከረው፣ ሰማዩን እይ፣ ሆድህን ንፋ» ይለዋል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ልጁ ውሃው እንደሚሸከመው ለማወቅ መጀመሪያ ራሱን ለውሃው መስጠት አለበት፣ ራሱን ለመስጠት ደግሞ እንደሚሸከመው ማወቅ አለበት። ከዚህ አዙሪት በምክር ብቻ አይወጣም።

የሚያወጣው ከጀርባው ሥር ያለችው እጅ ናት። የሚገርመው፣ እጅዋ የምትሸከመው ክብደት ከምንም አይቆጠርም። ሳንባው አየር የሞላ ልጅ ከውሃ እምብዛም አይከብድም፤ የአርኪሜዲስ ሕግ ከአባትየው በፊት ይዞታል። እጅዋ የያዘችው ፍርሃቱን ነው።

ፈላስፋዋ አኔት ባየር በ1986 ስለ መተማመን ባሳተመችው ጽሑፍ፣ በአንድ ነገር መደገፍና ሰውን ማመን እንደሚለያዩ አሳይታለች። ሰውን ስናምን፣ ሊጎዳን በሚችል ሰው መልካም ፈቃድ ላይ ራሳችንን እንጥላለን፤ ሕፃን በወላጁ ላይ ያለው እምነትም የዚህ ዓይነት ነው። ውሃ አይከዳም፣ ክፋትም ደግነትም የለውም። ሊከዳ የሚችለው አባት ነው። ስለዚህ በማታለል የተለቀቀ ልጅ ዞር ሲል ሁለት ነገር አብሮ ይማራል፤ ውሃው እንደሚሸከመው፣ የአባቱ ቃል ደግሞ ሁልጊዜ እንደማይሸከመው።

ሁለተኛው ትምህርት ዋጋው ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መስጠምን ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን በብዛት ከሚገድሉ ምክንያቶች መካከል ይቆጥረዋል። የሚሰጥም ሕፃን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ አያሰማም። ነገ አባትየው ከዳር ሆኖ «ወደ ጥልቁ አትሂድ» ሲል፣ ያ ቃል በልጁ ጆሮ ውስጥ ክብደት ሊኖረው ይገባል። ክብደቱን የሚያገኘው ከዛሬው ቃል ነው።

«ከነገርከው እሺ አይልም» የሚል ይኖራል። ላይል ይችላል፤ መብቱ ነው። ቃሉን ግን ከመጀመሪያው መለወጥ ይቻላል፤ «አልለቅህም» በማለት ፈንታ «ሳልነግርህ አልለቅህም» ብሎ መግባት። ከዚያ «ሦስት እስክቆጥር ብቻ እለቅሃለሁ» ብሎ መጠየቅ፣ ሦስት ሲሞላም በእርግጥ መያዝ፤ እስከ አራት ድረስ መቆየት ቢያምርም እንኳ። በዚህ መንገድ ቀኑ ያለ መንሳፈፍ ሊያልቅ ይችላል፣ የሚቀጥለውም እንዲሁ። የቸኮለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን ደግኖ ዳር የቆመው ትልቅ ሰው ነው፤ ልጁ ውሃውን እየረጨ ገና መጫወቱ ነው።