የጀመርኸውን ወጣት አትተው

 ይህች ትንሽ ጽሑፍ ስለ ወጣቶች ልታነጋግርህ መጥታለች፤ ነገር ግን የምትናገረው ለአንተ ለጎልማሳው ክርስቲያን ነው። ስለ ወጣቶች ጠባይ የሚያዝን ሰው በየቤቱ ይገኛል። ከጸሎት በኋላ ሰዎች በደጀ ሰላም ቆመው፥ «የዛሬ ልጅ ሽማግሌ አያፍርም፥ ምክር አይሰማም፥ መጠጥና ሥራ ፈትነት ይወድዳል» እያሉ ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ ትሰማለህ። ምናልባት አንተም እንደዚሁ ብለህ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ቅር አይበልህ። ከራስህ ልጆች ሌላ፥ ስሙንና ቤቱን ጭንቀቱንም አውቀህ በጸሎትህ የምታስበው፥ እርሱም በተቸገረ ጊዜ ሳይፈራ በርህን የሚመታ አንድ ወጣት እንኳ አለህን?

አለኝ ካልህ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፤ በያዝኸው ጽና። የለኝም ካልህ ግን እስከ መጨረሻው አንብብ፤ ሐሜት ማንንም አላሳደገምና።

ሐዋርያው ጳውሎስ በልስጥራ ጢሞቴዎስ የሚባል ወጣት አገኘ። የዚህ ልጅ አባት የግሪክ ሰው ነበረ፤ እናቱ ኤውንቄና አያቱ ሎይድ ግን ያመኑ ሴቶች ነበሩ። ጳውሎስም መልካም ቃል ሰጥቶት አላለፈም፤ ይዞት ሄደ እንጂ። በመንገድና በድካም፥ በስብከትና በመከራ አብሮት ኖረ። ወደ እርሱ የላካቸውን ሁለት መልእክቶች ብታነብብ፥ ሐዋርያው የዚያን ወጣት የሆድ ሕመም እንኳ እንደሚያውቅ፥ እንባውን እንደሚያስታውስ፥ ስለ ወጣትነቱ ማንም እንዳይንቀው እንደሚጠነቀቅለት ታያለህ። በመጨረሻም እስረኛ ሆኖ ሳለ፥ ክረምት ሳይገባ ፈጥኖ እንዲመጣና በጢሮአዳ የተወውን በርኖሱን መጻሕፍቱንም እንዲያመጣለት ይለምነዋል። እነሆ፥ አባት የነበረው በእርጅናው ጊዜ የልጁን እርዳታ ፈለገ። እንዲህ ያለ ፍቅር በአንድ ቀን ስብከት አይገኝም፤ ከብዙ ዓመት አብሮ መኖር የተወለደ ነውና።

በርናባስንም ተመልከት። ማርቆስ የተባለው ዮሐንስ ከእርሱና ከጳውሎስ ጋር ወጥቶ ሳለ፥ በጵንፍልያ አገር ሥራውን ትቶ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። በሁለተኛው ጉዞ ጊዜ ጳውሎስ ይህን የሸሸ ወጣት ሊወስደው አልወደደም፤ በርናባስ ግን አልተወውም፥ ይዞት ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ጳውሎስ ራሱ ማርቆስ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው መስክሮ እንዲያመጡለት ጻፈ። ወጣቱ በወደቀ ጊዜ የሚቆምለት አንድ ሰው ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እንግዲህ የመካሪ ታማኝነት የሚፈተነው ልጁ ባሳፈረው ቀን እንደ ሆነ ዕወቅ።

ይህ ሥራ በሐዋርያት ዘመን ብቻ የተሠራ አይደለም፤ በአገራችንም ተሠርቷል። ሒካ የሚባል የኦሮሞ ልጅ ከቤቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1870 ዓ.ም. በምፅዋ ነጻ ወጣና ለስዊድን ሚሲዮን መምህራን ተሰጠ። ነጻ መውጣቱ የአንድ ቀን ሥራ ነበረ፤ ማሳደጉ ግን የብዙ ዓመት ሥራ ሆነ። መምህራኑም አስተማሩት፤ በ1872 ዓ.ም. ተጠምቆ አናሲሞስ ተባለ፤ ኋላም በስዊድን አገር እንዲማር ተላከ። እርሱም የተቀበለውን ለራሱ ብቻ አላስቀረውም። በ1886 ዓ.ም. ከባርነት መርከብ ነጻ ወጥታ ወደዚያው ትምህርት ቤት የመጣች አስቴር ጋኖ የምትባል ልጅ ነበረች፤ እርስዋም ካደገች በኋላ ከእርሱ ጋር የኦሮሞን ቋንቋ ለጽሑፍ በማዘጋጀት ደከመች። መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮሞ ቋንቋ በ1899 ዓ.ም. ታተመ። በ1904 ዓ.ም. ሁለቱም ወደ ወለጋ ሄደው የሌላውን ሰው ልጆች አስተማሩ። ወዳጄ ሆይ፥ መምህራኑ ነጻ የወጣውን ልጅ ከተቀበሉት በኋላ በሁለተኛው ወር ሰልችተው ቢተዉት ኖሮ፥ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ምን ባገኙ ነበር?

በዚያው በ1904 ዓ.ም. ከእኛ ርቆ በኒውዮርክ ከተማ ሌላ ነገር ሆነ። ኤርነስት ኩልተር የሚባል የሕፃናት ችሎት ጸሐፊ በየቀኑ ልጆች ወደ ዳኛ ፊት ሲቀርቡ ያይ ነበር። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ለተሰበሰቡ ወንዶች ተናግሮ፥ እያንዳንዱ ሰው ለአንድ ልጅ ወዳጅ እንዲሆን ለመናቸው። አርባ የሚያህሉ ሰዎች እሺ አሉ። ከዚያም ትላልቅ ወንድሞች የሚባለው ማኅበር ተነሣ። ገንዘብ ስጡ አላላቸውም፤ ራሳችሁን ስጡ አላቸው እንጂ።

የዚህ ሥራ ፍሬ ኋላ በጥናት ተመረመረ። በ1995 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ በስምንት ስፍራ የነበሩ 959 ልጆችን ተከታተለ፤ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 16 ዓመት ነበረ። እኩሌቶቹ ወዲያው መካሪ ተሰጣቸው፤ እኩሌቶቹ ተራ እንዲጠብቁ ተደረጉ። ከአሥራ ስምንት ወር በኋላ መካሪ ያገኙት ልጆች አደንዛዥ ዕፅ የመጀመራቸው ነገር ካላገኙት በ46 ከመቶ፥ መጠጥ የመጀመራቸውም ነገር በ27 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን የሚያስፈራው ከዚህ በኋላ ነው። በ2002 ዓ.ም. ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ የሚባሉ ሊቃውንት ያንኑ ነገር ደግመው ቢመረምሩ፥ ብዙ የተጠቀሙት ወዳጅነታቸው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየላቸው ልጆች እንደ ሆኑ አገኙ። ወዳጅነቱ ሦስት ወር ሳይሞላው የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው የነበራቸው ግምት ዝቅ አለ። ልብ በል፤ ጀምሮ መተው ምንም ካለማድረግ ጋር እኩል አይደለም፤ ይጎዳል እንጂ። አስቀድሞ አባቱ የተለየው፥ ዘመዱ የረሳው ልጅ፥ አንተም ብትጠፋበት፥ «እኔ የሚቆዩልኝ ሰው አይደለሁም» ብሎ በልቡ ይደመድማል።

አንተም በአገርህ ልማድ ይህን ነገር ታውቀዋለህ። የክርስትና አባትና የክርስትና እናት የሚባሉት ስለ ምን ተሰጡ? ልጁን በእምነትና በምግባር እንዲያሳድጉ አይደለምን? ነገር ግን በጥምቀቱ ቀን ሕፃኑን ታቅፎ፥ ከድግሱ በልቶ፥ ከዚያ በኋላ ልጁ የት እንደሚውል የማያውቅ ስንት ሰው አለ! አንተም የክርስትና ልጅ ካለህ፥ ሥራህን ከሩቅ አትፈልገው፤ በዚህ ሳምንት ሄደህ ጠይቀው።

ማኅበረ ምእመናንም ይህን ሥራ በሥርዓት ሊያጸኑት ይገባቸዋል። መልካም ፈቃድ ብቻውን አይበቃምና፥ አምስት ነገር ይጠብቁ።

አንደኛ፥ መካሪውን ይመርምሩ። ወደ ልጆች መቅረብ የሚፈልግ ሁሉ በጎ ሰው አይደለም። ጠባዩን ከጎረቤቶቹና አብረውት ከሠሩት ይጠይቁ፤ ስለ ቸኮሉ ብቻ ማንንም አይቀበሉ።

ሁለተኛ፥ ነገሩ በብርሃን ይሁን። ወላጆቹ ይወቁ፥ ይፍቀዱም፤ መካሪውና ልጁ ሰው በሚያያቸው ስፍራ ይገናኙ፤ ከወላጅ የሚሰወር ምስጢርና ስጦታ አይኑር። ልጅ በአንድ ታላቅ ሰው ላይ አቤቱታ ቢያቀርብ ይሰሙት፥ ለሕግም ያሳውቁ። የቤተ ክርስቲያንን ስም ለመጠበቅ ብሎ የሕፃንን ጩኸት መሸፈን በእግዚአብሔር ፊት ታላቅ በደል ነው።

ሦስተኛ፥ አንዱ ለአንድ ይሰጥ፤ ወንዱ ለወንድ ልጅ፥ ሴቲቱም ለሴት ልጅ። አሥር ወጣት በአንድ ሰው ላይ ቢጫን አንዱም አይያዝም። መካሪውም ቢያንስ አንድ ዓመት ሊቆይ ቃል ይግባ፤ ይህን የማይችል ቢሆን በሌላ ሥራ ያገልግል።

አራተኛ፥ መካሪውን የሚመክር ይኑር። በየወሩ ተሰብስበው ስለ ድካማቸው ይነጋገሩ፥ አብረው ይጸልዩ። ብቻውን የቀረ መካሪ ቶሎ ይታክታል፤ ብዙዎች ሥራቸውን የሚተዉት ፍቅር አጥተው ሳይሆን ረዳት አጥተው ነው።

አምስተኛ፥ መለያየት ግድ ቢሆን በሥርዓት ይለያዩ። ሰው አገር ይለውጣል፥ ይታመማል። በዚያ ጊዜ መካሪው ሳይናገር አይጥፋ፤ ምክንያቱን ለልጁ በቃሉ ይንገረው፥ ይመርቀው፥ ለሚተካውም ሰው በእጁ ያስረክበው።

«በተገናኘን ጊዜ ምን ላድርግ?» ትል ይሆናል። ብዙ ስማ፥ ጥቂት ተናገር። ወደ ሥራህ ውሰደው፤ እንጨት የምትጠርብ ብትሆን መጥረቢያ አስይዘው፥ ነጋዴ ብትሆን ሒሳብ አሳየው። አብራችሁ እንጀራ ብሉ፤ ፈተና ያለበትን ቀን አስብለት፥ የታመመች እናቱን ጠይቅለት። ልጅ አንተን ካመነ በኋላ ተግሣጽህን ይቀበላል፤ ሳያምንህ የገሠጽኸው ግን እንደ ጠላት ያይሃል። ክርስቶስም ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በላ፥ ሄደ፥ በታንኳቸው ተኛ፤ የማያስተውሉትንም ደጋግሞ አስተማራቸው።

«ጊዜ የለኝም» ብትል፥ ከላይ በነገርሁህ ምርመራ የነበሩት መካሪዎች የሚገናኙት በወር ሦስት ጊዜ ያህል ነበረ። ከምታወጋበት ጊዜ ይህን መቀነስ አትችልምን? «አልተማርሁም» ብትል፥ ሎይድና ኤውንቄ ሊቃውንት ነበሩ ተብሎ አልተጻፈላቸውም፤ እምነታቸው ግብዝነት የሌለበት እንደ ነበረ ብቻ ተጽፎላቸዋል። «ልጁ አይሰማኝም» ብትል፥ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማህምን? በመጀመሪያው ወር ዝም የሚልህ ልጅ እየፈተነህ ነው። ትመጣ እንደ ሆነ ያያል። መጥተህም ባገኘህ ጊዜ፥ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ትመጣ እንደ ሆነ ያያል።

ስለዚህ ቃል ከመግባትህ በፊት ኪሳራውን ቍጠር፤ ግንብ ሊሠራ የሚወድድ ሰው አስቀድሞ እንደሚቈጥር። ከቈጠርህ በኋላ ግን አትፍራ። ከተማውን ሁሉ እንድታድን አልታዘዝህም፤ አንድ ልጅ ተሰጥቶሃል። ባልህበት ቀን ተገኝለት፤ ባትችል አስቀድመህ ላክበት፤ ቢወድቅ አንሣው፥ ቢሸሽ ፈልገው፥ ቢመለስ አትዝለፈው። ከብዙ ዓመት በኋላ ያ ልጅ ጎልማሳ ሆኖ የሌላውን ሰው ልጅ እጅ ይዞ ቢሄድ፥ አንተ ባታይም እግዚአብሔር ያያል። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ያዘዘው ይህንኑ ነው፤ የተቀበለውን ለታመኑ ሰዎች እንዲሰጥ፥ እነርሱም ለሌሎች እንዲያስተላልፉ።

አሁንም ይህችን ጽሑፍ ስትጨርስ፥ አንድ ስም በልብህ እስኪመጣ ድረስ በጸሎት ቁም። በመጣም ጊዜ ወደ ነገ አታሳድረው። እኛን በድካማችን ሳለን ያልተወን ጌታ ለጀመርኸው ልጅ ታማኝ የምትሆንበትን ጸጋ ይስጥህ። አሜን።