ቤት ሲፈርስ ማኅበር አይፍረስ

ሰው ብቻውን ይኖር ዘንድ እንዳልተፈጠረ ከኦሪት ዘፍጥረት እንማራለን። ስለዚህ ሰው በደረሰበት ስፍራ ሁሉ አስቀድሞ ጎጆውን ይቀልሳል፤ ቀጥሎም ጎረቤቱን ይፈልጋል።

ከሰቆጣና ከዋግ ደጋ ወጥተው አዲስ አበባ የገቡ ወገኖቻችን ይህንኑ አድርገዋል። ከየአገሩ ከመጡ ሰዎች ጋር በጭቃና በቆርቆሮ በተሠሩ፣ ግድግዳ በሚጋሩ ቤቶች ሲኖሩ፣ አዛዥ ሳያስፈልጋቸው ዕድር አቆሙ። በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ ድንኳንና ድስት ገዙ፤ የሞተውን ቀበሩ፤ ሐዘንተኛውን አጽናኑ። በየደብሩ ሰንበቴ መሠረቱ፤ በቅዱሳን ስም ማኅበር ጠጡ። በሥጋ የማይዛመደው ሁሉ በዚህ ተዛመደ።

ከተማ መታደሱ ክፉ አይደለም፤ ጣራው የሚያፈስ ቤት በተሻለ ቢለወጥ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. በካዛንችስ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ብዙዎቹ ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዱ፤ ጎረቤትም ከጎረቤት ተለያየ። ለፈረሰ ቤት ምትክ ወይም ካሣ ይታሰባል፤ ለተበተነ ዕድር ግን ዋጋ የሚተምን ማን ነው? አዲስ ቤት የተሰጣት ባልቴት ሌሊት ብትታመም የማንን በር ታንኳኳለች?

ይህ ጭንቀት ለሰቆጣ ሰው እንግዳ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ከአበርገሌና ከጻግብጂ በጦርነት የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች ወደ ሰቆጣ መጥተው ነበር። በዚያን ጊዜ የከተማው ሰው ለራሱ ጎድሎበት ሳለ እንግዳ ተቀብሏል። ጌታችንም ባልንጀራዬ ማን ነው ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፣ ስለ ደጉ ሳምራዊ በመናገር ባልንጀራ የሚያሰኘው ምሕረት ማድረግ እንጂ የትውልድ አገር እንዳልሆነ አስተምሯል።

እንግዲህ ሰፈር የሚለውጥ ሁሉ ጎረቤት እስኪመጣለት አይጠብቅ፤ ራሱ ሄዶ ደጅ ያንኳኳ። ነባር ዕድሮችም የመግቢያውን ገንዘብ አክብደው አዲሱን ሰው አይመልሱ፤ ድኻው ቀስ በቀስ እንዲከፍል ይፍቀዱለት። የንስሐ አባቶች ልጆቻቸው የት እንደ ደረሱ ይጠይቁ። ሰፈር እንዲነሣ የሚያዙ ሹማምንትም፣ በአንድ ዕድር የነበሩትን በአንድ ስፍራ ቢያሰፍሩ፣ ከቤቱ ጋር ቤተ ሰብን ሰጡ ማለት ነው።

ግንብ በጥቂት ወራት ይሠራል፤ ጎረቤትነት ግን የሚገነባው አብሮ በማልቀስና አብሮ በመቍረስ ነውና በትዕግሥት እንትጋ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።