ዜናና ዕውቀት፦ በወሎ ረኃብ ነገር የተደረገ ሐተታ

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ወርዶ ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ፣ የወሎ እልቂት ያን ዕለት ታወቀ ይባላል። ይህን ነገር ሁሉ ስለሚለው ብቻ እውነት ነው ልበልን? ብዬ ልቡናዬን ብጠይቀው፣ አስቀድመህ መርምር አለኝ። ረኃቡንማ የተራበው ገበሬ ያውቀው ነበር፤ በደሴ መንገድ በመኪና ያለፈ ሹምና ነጋዴም ከዳር የወደቀውን ሕዝብ አይቶታል፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ደግሞ ከፊልሙ ወራት ቀድመው ወደ ሥፍራው ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው ተመልሰዋል። እንግዲህ ባዕዱ ሰው ምን ጨመረ?

መርምሬ ያገኘሁት ይህ ነው፦ የሚያውቅ ሰው ሌላው እርሱ እንደሚያውቅ እስካላወቀበት ድረስ ዝም ሊል ይቻለዋል፤ ሁሉ በአንድ ሌሊት ካየው በኋላ ግን አልሰማሁም የሚልበት አፍ ያጣል። ዜና ዕውቀትን አልፈጠረም፤ የዝምታን ምክንያት ሻረ እንጂ።

ይህን ብዬ ሳላርፍ ሌላ ጥርጥር ተነሣብኝ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በዘመን መለወጫው፣ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ሥዕል ጋር እየተፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በፊልሙ የታየው የተራበ ሕፃን አጥንት ሐሰት አልነበረም፤ ድግሱም ሐሰት አልነበረም፤ ጎን ለጎን በመቀመጣቸው ግን አንዱም ብቻውን ያልተናገረው ሦስተኛ ቃል ተወለደ። ለንደን ላይ መጽውቱ ያለ ሥዕል አዲስ አበባ ላይ ፍረዱ አለ። ታዲያ የተናገረው ሥዕሉ ነውን፣ ወይስ መቀሱን የያዘው እጅ?

እጁ ነው ብዬ እንዳልደመድም ደግሞ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ይከለክለኛል። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የተራቢውን ቁጥር ዘርዝሮ ለለጋሾች ቢያስጠነቅቅ እምብዛም ሰሚ አላገኘም፤ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ግን ጋዜጠኛው ማይክል በርክ በቃሉ፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን በካሜራው የኮረምን ረኃብተኛ በቢቢሲ ባሳዩ ጊዜ ዓለም ተንቀሳቀሰ። በመካከሉም ንጉሠ ነገሥቱን ያወረደው ደርግ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲሰናዳ ለውጭ ጋዜጠኞች የሰሜኑን የጉዞ ፈቃድ ከለከለ። ፊልም ዙፋን እንደሚያናውጥ ከማንም ይልቅ ያወቀው እርሱ ነበርና አልደነቀኝም። ልቡናዬ እስካሁን ያልመለሰልኝ ሌላ ነው፦ በቁጥር ያልተነካ ርኅራኄ በሥዕል የተነካ እንደ ሆነ፣ ካሜራ ያልደረሰበትን ረኃብተኛ በምን እናውቀዋለን?