ዋጋውን ማን ከፈለ?

አዲስ አበባን በጅማ መንገድ ለቅቆ የሚወጣ ሰው ሰበታን፣ በአምቦ መንገድ የሚወጣ ቡራዩን፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የሚወርድ ሱሉልታን ያገኛል። ዛሬ ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በተዋቀረው የሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። በደርግ ዘመን በሸዋ ክፍለ ሀገር የሚገኙ አነስተኛ ከተሞች ነበሩ፤ ጤፉ፣ ወተቱ፣ ድርቆሹና ማገዶው ወደ ዋናው ከተማ የሚገባው በእነሱም በኩል ነበር። ጭነቱም ኬላ ላይ ቆሞ ይፈተሽ ነበር። ስለ ሰው ሐቀኝነት ለማሰብ ከኬላ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። እዚያ ሕግ፣ ችግር፣ ፍርሃትና ርኅራኄ በየቀኑ ፊት ለፊት ይገናኙ ነበርና።

ስለ ደርግ ዘመን ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ገዳዩንና ሟቹን፣ አሳሪውንና ታሳሪውን ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ብዙ ደም ፈሷልና። ይሁን እንጂ ከሕዝቡ የሚበዛው ገዳይም ሟችም አልነበረም። ስብሰባ ሲጠራ የሚሄድ፣ መፈክር ሲባል ግራ እጁን የሚያነሣ፣ መዋጮ ሲባል የሚከፍል፣ ቤቱ ሲገባ በሩን ዘግቶ «ሆድ ይፍጀው» የሚል ሰው ነበር። ይህን ሰው በምን እንመዝነው? አድር ባይ ነው እንበል? ብልህ ነው እንበል? ወይስ ምርጫ ያልነበረው ምስኪን ነው ብለን እንለፈው? ሦስቱም መልሶች የቸኮሉ ይመስሉኛል። ሰውዬው ምን ያህል ጎነበሰ ከማለታችን በፊት፣ እሱ ለመጎንበሱ ዋጋውን የከፈለው ማን ነው ብለን መጠየቅ አለብን።

አስቀድመን ሰው ለምን ይጎነብስ እንደነበር በውል እንረዳ። በ1967 ዓ.ም. ብቻ የኑሮ መሠረቶች ተራ በተራ ወደ መንግሥት እጅ ገቡ። በጥር ወር ትልልቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ፤ የሰበታው ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካም የመንግሥት ሆነ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝም ተደነገገ። ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። የመሬቱን አዋጅ ጭሰኛው በእልልታ ነው የተቀበለው። ያመረተውን ለባለርስት ሲገፈግፍ የኖረው ገበሬ ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ይህን መካድ ራሱ ከሐቅ መራቅ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አከራዩም፣ አሠሪውም፣ እህል ገዢውም፣ ስኳር ሻጩም አንድ ሆነ። ከአንዱ የተጣላ ሰው የሚጠጋበት ሌላ ጥላ አጣ። ከስብሰባ የቀረ ስሙ ይያዛል፤ ስሙ የተያዘ ሰው ከኅብረት ሱቅ የሚያገኘው ስኳርና ሳሙና ሊቀርበት፣ መሸኛ ሊከለከል ይችላል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ሕይወቱም ሊጠፋ ይችል ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር፤ ንጉሡ ከዙፋናቸው ሲወርዱ አባባሉ አብሯቸው አልወረደም።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የቼኮዝሎቫኪያው ጸሐፊ ቫክላቭ ሃቭል «የአቅመ ቢሶች ኃይል» በተባለው ጽሑፉ ስለ አንድ አትክልት ነጋዴ አንሥቷል። ነጋዴው የማያምንበትን መፈክር በሱቁ መስኮት ላይ የሚሰቅለው በሰላም ለማደር ብሎ ነው። እንደ ሃቭል አስተያየት ሥርዓቱ ጸንቶ የሚቆመው በእንዲህ ያለ ትንሽ ውሸት ነው፤ ነጋዴው መፈክሩን ያወረደ ቀን የሥርዓቱ ገመና ይገለጣል። ሐሳቡ ትልቅ ነው። ሆኖም የሃቭል ነጋዴ መፈክሩን ቢያወርድ ሥራውን፣ ምናልባትም የልጆቹን የትምህርት ዕድል ያጣል። የእኛ አገር ወጣት ግን ሬሳው አስፋልት ላይ ይጣል፣ እናቱም እንዳታለቅስ ትከለከል ነበር። ከዚህ ዓይነት ሰው ጀግንነት መጠየቅ የሚቀለው ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ነው። ስለዚህ መለኪያችን ሰውዬው ከሰቀለው መፈክር አልፎ አጠገቡ የሚኖረውን ጎረቤት ማየት ይኖርበታል።

ወደ ኬላው እንመለስ። መንግሥት የእህሉን ንግድ በእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኩል ለመያዝ ሲል የእህልን ዝውውር ይቆጣጠር ነበር። አዲስ አበባ የሚማሩ ልጆች ያሏት እናት ደግሞ ልጆቿን ከገዛ ማሳዋ ጤፍ ልትመግብ ትሻለች። ጤፉን በትንሽ ከረጢት ትቋጥርና በኩበት ጆንያ መሀል ትቀብረዋለች። ፈታሹ ሹል ብረቱን ወደ ጆንያው ይሰዳል። ኩበት ሲወጋ ይሰባበራል፤ ጤፍ ግን ብረቱን ዝም ብሎ ይውጠዋል፣ ሲመዘዝም ጫፉ ላይ ጥቂት ፍሬ ይቀራል። ፈታሹ ያውቃል። እናቲቱም ማወቁን ታውቃለች። «ለልጆቼ ነው፣ ልጄ» ትለዋለች ቀስ ብላ። «ይለፉ እማማ፣ መኪናው እንዳይሄድብዎ» ይላታል፣ ብረቱን በሱሪው እየጠረገ።

እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ሕግ ጥሰዋል፤ አንዱ ደግሞ ደመወዝ የሚበላበትን ሥራ አጓድሏል። የከፈለ ሰው ግን የለም። አደጋ ቢመጣ የሚወድቀው በራሳቸው ላይ ነው። ያው ፈታሽ በማግስቱ ሌላ ባልቴት አስቁሞ «አምስት ብር አምጪ» ቢላት፣ ወይም ጤፏን ወርሶ ማታ ወደ ቤቱ ቢያስገባው፣ የሠራው ሥራ ላይ ላዩን ከትናንቱ ጋር ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ቀን መመሪያውን አላከበረም። ልዩነቱ የሁለተኛውን ቀን ዋጋ ባልቴቷ መክፈሏ ነው። ሐቀኝነትን በመመሪያ አክባሪነት ብቻ የሚለካ ሰው ይህን ልዩነት ሊያየው አይችልም።

የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበርም ከዚህ የጠና ፈተና ነበረበት። በየዓመቱ የእህል ኮታ ይመጣል፤ መንግሥት የሚከፍለው ዋጋ ከገበያው እጅግ ያነሰ ነው። ምርቱ ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ እስከማስረከብ ይደርስ ነበር። አንዱ ሊቀመንበር የአካባቢውን ምርት አሳንሶ ያመለክታል፤ ይዋሻል፣ ቢደረስበት የሚታሰረው እሱ ነው። ሌላው እውነቱን ያመለክታል፣ ወይም ለመመስገን ሲል አብዝቶ ይናገራል፤ በበላዮቹ ፊት ሐቀኛ ይባላል፣ ጎተራው የሚራቆተው ግን የጎረቤቱ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ቁጥሩን እንዳለ ተቀብሎ የወንድሙን ድርሻ ያቀልና ሸክሙን ተከራካሪ በሌላት ባልቴት ላይ ይጭናል። ከሦስቱ ሕሊናው የቀናው ምርቱን አሳንሶ የዋሸው ሰው ነው ብዬ ለመናገር አላመነታም።

ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ነገሩ ከእህል ወደ ልጅ ተሻገረ። የ1975ቱ አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት ይጠራ ነበር። ለእያንዳንዱ ቀበሌና ገበሬ ማኅበር የሰው ኮታ ይደርሰዋል፤ ኮታው ካልሞላ አፈሳ ይከተላል። እዚህ ላይ ርኅራኄ እንኳ ንጹሕ ሆኖ አይወጣም። ሊቀመንበሩ ለአንዲት እናት አዝኖ ልጇን ከዝርዝሩ ቢያወጣው ቁጥሩ አይቀንስም፤ በእሱ ምትክ የሌላዋ ልጅ ይገባል። የሥርዓቱ ክፋት ከምንም በላይ የሚታየው በዚህ ነው፦ ደግ ሥራ ለመሥራት የፈለገውን ሰው ሳይቀር ሌላ ከፋይ እንዲፈልግ ያስገድደው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለሐቀኛ ሰው የሚቀረው መንገድ ጠባብ ነው፤ የገዛ ዘመዱን ከዝርዝሩ አለማውጣት፣ ወይም ሥልጣኑን ጥሎ መውጣት። ሁለቱም ውድ ናቸው።

ታዲያ ማጨብጨብስ? «ከአንገት በላይ ነው፣ ማንንም አይጎዳም» የሚለው መከራከሪያ ብዙ ጊዜ ይሠራል። «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብሎ እጅ ማንሣት፣ በውይይት ክበብ ጋዜጣ ሲነበብ እያንጎላጁ መቀመጥ፣ የፓርቲ አባል ሆኖ ልጅን በአያቱ በኩል በድብቅ ማስጠመቅ ከራስ በቀር የሚያስከፍሉት ሰው የለም። ነገር ግን በ1970 ዓ.ም. በአንድ የቀበሌ አዳራሽ ጎረቤት ቆሞ ሲወነጀልና «ነፃ እርምጃ ይወሰድበት» ሲባል የተጨበጨበው ጭብጨባ ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። እጁ ያው እጅ፣ ፍርሃቱም ያው ፍርሃት ነው፤ ከፋዩ ግን ሌላ ሰው ሆኗል። በዚያች ሰዓት እጁን ከጋቢው ሳያወጣ የቀረ ሰው ጀግና ተብሎ አልተጻፈም፤ ወንጀለኛም አልሆነም። አንድ ሰው ሲገደል ፈቃዱን አልሰጠም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚህ ያለፉም ነበሩ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ምእመናቸውን ትተው አልሄዱም፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። ደራሲው በዓሉ ግርማ ደግሞ የሌላ ዓይነት ምስክር ነው። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ ሥርዓቱን አገልግሏል፤ ኤርትራ ውስጥ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻም አስመራ ነበር። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለዱን ሲያሳትም ግን ያየውን ጻፈ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ረጅም ጊዜ ጎንበስ ብሎ የኖረ ሰው ቀና የማለት አቅሙ እንዳልሞተ የበዓሉን ያህል ያሳየን ጥቂት ነው። ሁለቱም ዋጋውን ራሳቸው ከፈሉ።

የእህሉ ኮታ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ተነሣ፤ መንግሥቱ ኃይለማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ሄዱ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ትናንት ያጨበጨበው ሁሉ ዛሬ ረጋሚ ሆነ። ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም. የዘለቀው የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት የግድያ ትእዛዞችንና ፊርማዎችን መረመረ፤ ሊመረምርም ይገባ ነበር። የባልቴቷን ኮታ ያበዛውን፣ የእህቱን ልጅ ከዝርዝር አውጥቶ የድሃውን ያስገባውን፣ ተከራይቶ የሚኖርበትን ቤት ላለማጣት የጎረቤቱን ስም የሰጠውን ግን ፍርድ ቤት አይደርስበትም። እነዚህ ሰዎች በየዕድሩ፣ በየሰርጉና በየለቅሶው ከተጎዱት ጋር አብረው ተቀምጠዋል። የጤፉን ጆንያ ያሳለፈው ፈታሽም እንዲሁ፤ ማንም አላመሰገነውም።

ይህን የማነሣው ሽማግሌዎችን ለማሳፈር አይደለም። ያን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዛሬም አሉ፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው «እናንተ ለምን ዝም አላችሁ?» ብለው ሲጠይቁ ጨዋታው እዚያው ይዘጋል። «ያኔ ማንን አሳለፋችሁ? ማንስ በእናንተ ምክንያት ከፈለ?» ብሎ በአክብሮት የሚጠይቅ ግን ብዙ ሊሰማ ይችላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ጀግና ይፈልጋል፤ ሁለተኛው እውነት ይፈልጋል።

ጥያቄው ለእኛም ነው። ዛሬ ስኳር የሚከለክል የቀበሌ ስብሰባ ባይኖርም ሰው የሚጎነብስበት ጠረጴዛ አልጠፋም። መሬት በሚለካበት፣ ሥራ በሚታደልበት፣ ዝርዝር በሚወጣበት ቢሮ ሁሉ «ምን ላድርግ፣ ታዝዤ ነው» የሚል ሰው አለ፤ አንዳንዴም እውነቱን ነው። ሁሉም ሰው እስከ ሞት እንዲጸና መጠየቅ አይቻልም። ነገር ግን እስክሪብቶውን ከማንሣቱ በፊት «ይህን ብፈርም የሚከፍለው ማን ነው?» ብሎ ራሱን መጠየቅ የማይችል ሰው የለም። መልሱ «እኔ» ከሆነ ጉዳዩ በእሱና በሕሊናው መካከል ነው። መልሱ የሌላ ሰው ስም ከሆነ ግን ፍርሃት ማቅለያ እንጂ ነፃ ማውጫ አይሆነውም።