እጅ የሚያውቀውን ማስተማር

ሙያ የሚያስተምር ሰው ራሱ መሥራቱን ከተወ፣ እስከ መቼ ባለሙያ ሆኖ ይቆያል? በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ሠልጣኙ ከጊዜው 70 በመቶውን በተግባር፣ 30 በመቶውን በንድፈ ሐሳብ እንዲማር ይፈለጋል። አሠልጣኙ ግን ከሲ ወደ ቢ፣ ከቢ ወደ ኤ ደረጃ የሚሻገረው በዋናነት በትምህርት ማስረጃው ነው። የብቃት ምዘና ያልፋል፤ ምዘናው ግን የሚመሰክረው በፈተናው ዕለት ስለነበረው እጅ ብቻ ነው። በያጅ የኤሌክትሮዱን ድምፅ እየሰማ፣ የቀለጠውን ብረት እያየ የእጁን ፍጥነት ያስተካክላል። ስንት አምፒር እንደሚያስፈልግ መጽሐፍ ይነግራል፤ ያን ጆሮና ያን ዓይን ግን አይሰጥም። ፈላስፋው ጊልበርት ራይል እ.ኤ.አ. በ1949 እንደተከራከረው፣ ማንኛውም የብልሃት ሥራ አስቀድሞ ደንብ ማሰብን የሚጠይቅ ቢሆን፣ ማሰቡም ራሱ ሌላ ደንብ ይጠይቅ ነበርና ሥራው ከቶ አይጀመርም። እንዲህ ያለው ዕውቀት የሚኖረው በመሥራት ውስጥ ነው፤ ሥራው ሲቋረጥም ይደክማል።

አርስቶትልን ጠቅሶ የሚቃወም ይኖራል። እሱ በ«ሜታፊዚክስ» መጀመሪያ ላይ የማወቅ ምልክቱ ማስተማር መቻል ነው ይላል፤ ዋናውን ባለሙያ ከተራው ሠራተኛ የሚያስበልጠውም ምክንያቱን ስለሚያውቅ ነው። ምክንያቱን የያዘ አሠልጣኝ እንግዲህ እጁ ቢፈታ ምን ይጎድልበታል? ነገር ግን አርስቶትል እዚያው ገጽ አካባቢ ያመነው ነገር አለ፤ ሐኪም የሚፈውሰው ሰውነትን በጥቅሉ ሳይሆን ይህን አንድ ሰው ነውና፣ ልምድ የሌለው አዋቂ ብዙ ጊዜ ይስታል። ሠልጣኙ ፊት ያለውም ይህ ብረት፣ ይህ ሞተር ነው።

ታዲያ የፋብሪካው ሠራተኛ ራሱ ያስተምር የሚለው ሐሳብም አይበቃም። ኦሪት ዘጸአት ስለ ባስልኤልና ስለ ኤልያብ ሲናገር፣ ከእጅ ጥበባቸው በተጨማሪ ሌሎችን የማስተማር ጸጋ እንደተሰጣቸው ለይቶ ያነሣል። በጀርመን የማይስተር ፈተና ካሉት 4 ክፍሎች አንዱ ወጣት የማሠልጠን ችሎታ መሆኑም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ መገናኘት አለባቸው፤ እኛ ግን አንዱን በሌላው ዋጋ እንገዛለን። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ሲናቁ በኖሩበት፣ አፄ ምኒልክ ሠሪ መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል በደረሱበት አገር፣ ዕድገት ማለት ቱታ ማውለቅ ሆኖ መታየቱ ያሳዝናል።

መፍትሔው አሠልጣኙን በየጊዜው ወደ ሥራ ቦታ መመለስ ነው። ፋብሪካ የተላከ አሠልጣኝ በዚያው ይቀራል የሚለው ስጋት እውነት አለው፤ የተሻለ ደመወዝ ይስባልና። ሙያው እንዲዝግ አድርጎ ማቆየት ግን ሰውየውን ይዞ የተቀጠረበትን ነገር ማጣት ነው። መንገዱ ደግሞ ከወዲሁ ተከፍቷል፤ በኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አሠልጣኞች ጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞችን እየዞሩ ይደግፋሉ። የሚሄዱት ግን ሰጪ ሆነው ነው። በየጥቂት ዓመቱ አንድ ሙሉ መንፈቅ በፎርማን ሥር፣ ከሠራተኛው እኩል ቢሠሩና ያም እንደ ዲግሪ ለደረጃ ዕድገት ቢቆጠርላቸው፣ ሠልጣኙ የሚያገኘው ትናንት በሥራ ላይ የነበረ እጅ ይሆናል።