ያልተቀበሉት ይቅርታ

ይቅርታ የጠየቀ ወገን፣ የተበደለው እንዲቀበለው የማስገደድ መብት አለውን? በሁለት ጎረቤታሞች መካከል መልሱ ቀላል ነው። ጠያቂዋ ቤተ ክርስቲያን ስትሆን ግን ነገሩ ይወሳሰባል፤ ይቅር ማለት ግዴታ መሆኑን ለተበዳዮቹ ያስተማረችው እርሷ ራሷ ናትና።

የካናዳን ጉዳይ እንመርምር (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን እስከ 1990ዎቹ ድረስ ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ የነባር ሕዝቦች ልጆች መንግሥት ገንዘብ በሚሰጣቸው፣ በአብዛኛው ግን አብያተ ክርስቲያናት በሚያስተዳድሯቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች አለፉ። ብዙዎቹ በእናታቸው ቋንቋ ስለተናገሩ ተቀጡ፤ ተደበደቡ፣ ተደፈሩ። በሺዎች የሚቆጠሩት ሞተው ቀሩ።

በ1986 ዩናይትድ ቸርች የተባለችው የአገሪቱ ትልቅ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን በሰድበሪ ከተማ ነባር ሕዝቦችን ይቅርታ ጠየቀች። ይህን እንድታደርግ የወተወቷት የራሷ ነባር ምእመናን ነበሩ። መልሱ ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ፤ ይቅርታውን መስማታቸውን አረጋገጡ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ቃሏን በሥራ እንድትኖረው ያላቸውን ተስፋ ገለጹ፣ መቀበሉን ግን አቆዩት። ለመታሰቢያ የተካበው ድንጋይም ሥራው ገና መሆኑን እንዲናገር ሳያልቅ ተተወ።

ይህ የከሸፈ ዕርቅ ነው የሚል አይጠፋም። እኔ ግን እንዲያውም ዕርቁን ያዳነው ይህ መልስ ነው እላለሁ። የ1986ቱ ቃል የተጸጸተው የምዕራባውያን ባህል ከወንጌል ጋር ተቀላቅሎ በመጫኑ ነበር፤ አዳሪ ትምህርት ቤቶቹን በስም አላነሣም። ስለ እነርሱ ይቅርታ የተጠየቀው በ1998 ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በዳይ ሲያስታውስም እንኳ በደሉን ለራሱ በሚመቸው መጠን ይሰፍረዋል። ተበዳዮቹ በ1988 «ተቀብለናል» ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ገና ላልተጠራ በደል ደረሰኝ በሰጡ ነበር።

ይህ ማለት መቀበል ስሕተት ነው ማለት አይደለም። በ1993 የአንግሊካን ሊቀ ጳጳስ ማይክል ፒርስ ሚናኪ በተባለ ስፍራ ስለ ትምህርት ቤቶቹ ይቅርታ ሲጠይቁ፣ በዚያ በተሰበሰቡት ነባር ምእመናን ስም የተሰጠው መልስ መቀበል ነበር። መቀበል ዋጋ የሚኖረው ግን እምቢ ማለትም ሲቻል ብቻ ነው።

«ክርስቲያን ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር እንዲል ታዞ የለምን?» የሚል ይኖራል። ታዟል። ይሁን እንጂ ትእዛዙ የተሰጠው ለተበዳዩ ኅሊና እንጂ ለበዳዩ መክሰሻ አይደለም። በዳይ ይህን ቃል ሲጠቅስ በገዛ ጉዳዩ ዳኛ ሆኖ መቀመጡ ነው። ለእርሱ የተሰጠው ትእዛዝ ሌላ ነው፤ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ።

«የዛሬዎቹ ምእመናን ምን አጠፉ?» የሚለው ሙግት ይበልጥ ይከብዳል። የግል ኃጢአት በእርግጥ አይወረስም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን በትውልዶች መካከል የማትቋረጥ አንድ አካል ነኝ ትላለች፤ ሕንጻውን፣ መሬቱን፣ የቀደሙትን መልካም ስም ትወርሳለች። ርስቱን የወረሰ ዕዳውን አልወርስም ማለት አይችልም።

ዕዳው ደግሞ በቃል ብቻ አይከፈልም። ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ በተደረሰው የ2006ቱ የካሳ ስምምነት የካቶሊክ ተቋማት 25 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ የተቻላቸውን ሁሉ እንደሚያደርጉ ቃል ገቡ፤ የተሰበሰበው ከ4 ሚሊዮን ያነሰ ነበር፤ በ2015 ፍርድ ቤት ከግዴታው ነጻ አወጣቸው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በሐምሌ 2022 በካናዳ ማስኳቺስ ወደተባለው የነባር ሕዝቦች መንደር ድረስ ሄደው ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ከሰሚዎቹ መካከል ያንን ሒሳብ ያልዘነጉ ነበሩ ብንል አንሳሳትም። ሕግ ያሰናበተው ዕዳ በኅሊና ፊት አልተሰረዘም።

ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል፣ የተቀሙት ይቅር እንዲሉት ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም። የቤተ ክርስቲያንም ፈተና ይኸው ይመስለኛል። መዝገቡን የምትከፍተው፣ ካሳውን የምትከፍለው፣ መሬቱን የምትመልሰው ምሕረት ለመግዛት ከሆነ ገና ስለ ራሷ እየተጨነቀች ነው። መልሱ እምቢታ ሆኖ ቢቀር እንኳ የማታቋርጠው ከሆነ ግን፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ተጸጽታለች።